በባዶ ሳንባ

ሄርሚኒያ በኮኪምቦ ባሕር ዳርቻ ባሕር እየጠለቀች የኖረች ሴት ናት። ሎኮ የሚሉትን ሥጋማ ዛጎል ከዐለት ላይ እየፈነቀለች አርባ ዓመት ስትሠራ ባሏ ኤራስሞ ጀልባውን ይቀዝፋል፤ እሷ አንዴ አየር ስባ ከገባች ሁለት ደቂቃ ድምጿ አይሰማም።

አንድ ቀን ሐኪም ጉበቷ ላይ ሁለት ዕጢ እንዳገኘ፣ ቀዶ ሕክምና እንደማይሆናት፣ በጨረር ግን ለይቶ ሊመታቸው እንደሚችል ሲነግራት እስኪጨርስ አዳመጠች። «ጉበት ከትንፋሽ ጋር ይንቀሳቀሳል። ጨረሩ እንዳይስት ሃያ ሰከንድ ትንፋሽዎን መያዝ አለብዎት» ሲላት ግን ሳቋ አመለጣት።

«ሃያ? እያዛጋሁም እይዛለሁ!»

«ዶክተር፣ እኔ ይቺን ሴት ስንቴ ሞተች ብዬ አልቅሼላታለሁ» አለ ኤራስሞ።

መጀመሪያ ጨረሩ ዒላማውን እንዲያገኝ ዕጢዎቹ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ የወርቅ ምልክቶች በመርፌ አስገቡላት። «እኔ ያልገዛሁልሽን ወርቅ ሐኪም ገዛልሽ» አላት ባሏ። ከዚያ እንዳትነቃነቅ በገላዋ ልክ የተቀረጸ ፍራሽ ተሠራላት።

የልምምዱ ዕለት የጨረር ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ወጣት፣ ያስና፣ «ይያዙ» ስትላት ሄርሚኒያ ደረቷን እስኪበቃው ሞላች።

«አይ ዶኛ ሄርሚኒያ፣ እሜቴ፣ መጀመሪያ አየሩን ያውጡት። ከዚያ ባዶውን ይያዙ። ጉበትዎ አንድ ቦታ የሚረጋው እንደዚያ ሲሆን ነው።»

አወጣችና ያዘች። ስድስት ሰከንድ። እንደገና ሞከረች፤ ዘጠኝ። ባዶ ሳንባ ማለት ለእሷ መስጠም ነበር፤ ሰውነቷ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ነገር አሁን በፈቃዷ አድርጊ ተባለች።

በማግስቱ ዳርቻው ላይ በተገለበጠ ጀልባ ላይ፣ ልክ ማሽኑ ሥር እንደምትተኛው፣ እጆቿን ከራስጌዋ አድርጋ ተንጋለለች። ኤራስሞ ሰዓቱን ይዞ ቆመ። መንደርተኛው አላስቀመጣትም።

«ሄርሚኒያ፣ የብስ ላይ ምን ልትይዢ ነው?»

«ዕጢ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ አየሯን አውጥታ ዓይኗን ጨፈነች። አሥራ ሁለት። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሰባት። በስምንተኛው ሃያ አራት ሲሞላ ሲያፌዙባት የነበሩት ራሳቸው አጨበጨቡ።

ሕክምናው አምስት ጊዜ ነበር፣ አንድ ቀን እየዘለለ፣ በየጊዜው ከአራት ሰዓት ጾም በኋላ። ማሽኑ ዙሪያዋን እያጓራ ሲዞር የያስና ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይመጣል፦ «ያውጡ… ይያዙ… ይተንፍሱ።» በመጨረሻው ቀን ድምፁ በድንጋጤ ቀጠነ።

«ዶኛ ሄርሚኒያ! ሠላሳ አንድ ሰከንድ! ማሽኑ ከቆመ እኮ ቆየ፣ ይተንፍሱ እንጂ!»

ድካሙ ከዚያ በኋላ መጣ። ሐኪሙ አስጠንቅቋት ነበር፤ ግን እንዲህ ይጥለኛል ብላ አላሰበችም። የበር ደረጃ ተራራ ሆነባት፣ የሾርባ ሽታ ያስመልሳታል፣ ቀኝ ጎኗን ያማታል። ኤራስሞ ዳቦ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ አጎረሳት። እሷም በቀትር መተኛቷ እያናደዳት ተኛች። በአራተኛው ሳምንት ግን ከወጥ ቤት የሚመጣው ጠረን ከአልጋ አስነሣት።

«ያንን ዓሣ ብቻህን ልትበላው ነው?»

ኤራስሞ ሳህኑን እንዳለ ገፋላት።

በሦስተኛው ወር ሐኪሙ የጉበቷን ምስል ከፈተ። ከዕጢዎቹ አንዱ ጠባሳ ብቻ ሆኗል። ሌላው ኩምትር ብሎ ደም የማይደርሰው ሬሳ ሆኗል። «በየሦስት ወሩ እናያለን። ዛሬ ግን አሸንፈዋል» አላት። ኤራስሞ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ተነሥ፣ ሰው እያየን ነው» አለችው። ይህን ብላ ሳትጨርስ እሷው እልል አለችና ያስና ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሐኪሙ ሲፈቅድላት፣ ከስታ የሰፋትን የዋና ልብስ በገመድ አጥብቃ ባሕር ገባች። ጥቂት ቆይታ አንድ ሎኮ ይዛ ብቅ አለች።

«ይሄማ ገና ሕፃን ነው፣ መልሺው» አለ ኤራስሞ ከጀልባው።

«ትልቅ ከፈለግህ ራስህ ውረድ!» ብላ ውሃ ረጨችውና ዛጎሉን ይዛ ተመልሳ ጠለቀች።