የሙሽራዋ ሻንጣዎች

ዓቢዳ የሙሽራዋን ሻንጣ የመዘነችው ትንፋሿን ይዛ ነው። የአየር ማረፊያው ሚዛን ላይ የሚወዛወዘው ቁጥር ልክ እስኪቆም ጠበቀች። ሲቆም እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው፤ አንዲት ነገር አልጨመረች፣ አንዲት ነገር አልቀነሰች። ሁለተኛውንም ሻንጣ እንደዚያው። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ጥርስ ብቻ የሆነ ፈገግታ።

«ትርፍ አለሽ ውዳድ። መክፈል አለብሽ።»

ውዳድ የአክስቷ ልጅ ናት። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ግቢ አድገዋል፤ በኢድ ቀን አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው መንታ ናችሁ ወይ የተባሉ ናቸው። አሁን ግን የውዳድ እጅ እስከ ክርኗ ሒና ነው፤ አንገቷ ላይ ወርቅ ተደርቧል፤ ሐሙስ ድሬዳዋ ላይ ትዳራለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ችግሩ ግን ወርቁ የራሷ የውዳድ መሆኑ ነው።

«ሐቅሽ ነው እህቴ» አለች ውዳድ፤ ከፍላም ሄደች። አልተከራከረችም፣ ፊቷም አልጠቆረ። ዓቢዳን ያንገበገባት ይኸው ነው። የምትፈልገው ጠብ ነበር፤ ያገኘችው ምርቃት ሆነ።

የዚያን ዕለት በሐቅ የተመዘነችው ውዳድ ብቻ ነበረች። ዓቢዳ ማንዳብ የሚባል የምድር አገልግሎት ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ድርጅቱ የብሔራዊውን አየር መንገድ መንገደኞች ያስተናግዳል። ጣቢያው ትንሽ ስለሆነ ሻንጣ የምትመዝነውም፣ አውሮፕላኑ ስንት ኪሎ እንደጫነ ለካፒቴኑ ጽፋ የምትሰጠውም እሷው ናት። ይህንን የካርቲየ 1 ሰው አሳምሮ ያውቃል። ድሬ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ሌላው ካውንተር ባዶ ሆኖ እያየ የዓቢዳን ሰልፍ ይጠብቃል። ሚዛኑ አርባ ይላል፤ እሷ ሠላሳ ትጽፋለች። ማንም ይህን ሌብነት አይለውም። ዝምድና ነው። ለዘመዱ ኪሎ የማይቀንስ ሰው እኮ በራሱ ለቅሶ ላይ እንኳ ይታማል።

ከሁሉ አብልጣ የቀነሰችው ግን ለሳቢት ነበር። ሳቢት የጨርቅና የሽቶ ነጋዴ ነው፤ በየሳምንቱ ይመላለሳል። «አቦ ዓቢዳ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» ይላታል፤ እሷም ይህችን ቃል ይዛ ሳምንቱን ትኖራለች። ሌላዋ ሴት የወደደችውን በምግብ ታባብላለች፤ ዓቢዳ በኪሎ ነበር የምታባብለው። ሰፈሩም ነገሩ ያለቀ ነው ብሎ ነበር። የሳቢት ሽማግሌዎች የመጡ ቀን እናቷ አዲስ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ በእነ ዓቢዳ በር አለፉና ከግቢው ጥግ የአክስቷን በር አንኳኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓቢዳ ሳምቡሳ አይወርድላትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ዛሬ ጠዋት ሳቢት ከመንገደኛው ሁሉ መጨረሻ እየተጣደፈ መጥቶ የጨርቅ እስሮቹን ሚዛኑ ላይ ሲከምር፣ ያቺ ቂል እጇ ደግማ ቀነሰችለት። ልማድ ክፉ ነው፤ ልብ ሲቆርጥ እጅ አይሰማም።

በዚህ መሐል አውሮፕላኗ ዘገየች። አየር መንገዱ ትልልቆቹን ጄቶች ወደ ሩቅ አገር ነው የሚልካቸው፤ ጅቡቲንና ድሬን የምታገናኘው ትንሿ ባለ ፕሮፔለር ናት። ትንሽ ትሁን እንጂ በዚህ መስመር አንድ ሰው እንኳ አላስጎዳችም፤ የቢሮው ግድግዳ ላይ ይህንኑ የሚናገር ፖስተር አለ፤ ዓቢዳ በየማለዳው አቧራውን ትጠርገዋለች፤ የራሷ ዲፕሎማ ይመስል ትኮራበታለች። አውሮፕላኗ ስትደርስ ግን የጠዋቱ አየር አልፎ፣ ኸምሲን የሚሉት የበጋው ትኩስ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ክንፍን እንደልቡ አይሸከምም። በዚያ ሰዓት ጭነት ካልተቀነሰ አውሮፕላኗ አትነሳም።

ካፒቴን ኃይለሚካኤል ላቡን እየጠረገ ቢሮዋ ገባ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ዓቢዳ፣ ጭነት አስወርጂልኝ። ዛሬ አንድ ኪሎ ትርፍ እንኳ የለኝም፤ በቁጥርሽ ልክ ነው የምነሳው።»

መጀመሪያ ባለቤቱ ያልተሳፈረ የካርጎ ዕቃ ወረደ። አልበቃም። ከዚያ በኋላ ደንቡ ግልጽ ነው፤ መጨረሻ የመጣ መንገደኛ ሻንጣ ቀድሞ ይወርዳል። መጨረሻ የመጣው ሳቢት ነበር፤ መጀመሪያ የመጣችው ውዳድ። ዓቢዳ የጭነት ሠራተኛውን ባንቴን ጠራችው።

«እነዚያን ሁለት አረንጓዴ ሻንጣዎች አውርድ።»

«እነሱ እኮ መጀመሪያ የገቡ ናቸው። ከሁሉ ሥር ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ሊነሳ ነው?» አለ ባንቴ።

«አውርድ አልኩህ።»

ባንቴ እያጉረመረመ አወረደ። አረንጓዴዎቹ ሻንጣዎች የጋለው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ዓቢዳ በመስኮት እያየች ጠገበች። ከዱባይ የመጣው ነጭ ቀሚስ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሽሮ የሚባሉት የሠርግ ጭፈራዎች ልብስ፣ የጫማው፣ የሽቶው ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ሐሙስ ማታ ውዳድ የሰው ቀሚስ ተውሳ፣ ወገቡ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዞላት ስትሞሸር ታያት። በዚያ ሙቀት ሐሳቡ እንደ በረዶ ውሃ ጉሮሮዋን አራሳት።

የጭነቱን ወረቀት ለካፒቴኑ ዘረጋችለት። ኃይለሚካኤል አንድ ልማድ አለው፤ በየትኛውም ጣቢያ፣ ወረቀቱን ያዘጋጀውን ሰው ሳይጠይቅ አይፈርምም። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ቀልድ ይመስላቸዋል።

«በዚህ ቁጥር ዘመድሽን አውሮፕላኑ ላይ ታሳፍሪያለሽ?»

ዓቢዳ ሁልጊዜ «አዎ ካፕቴን» ትለዋለች። በዚያች ቅጽበት ዓይኗ ውጭ ነበር። ውዳድ ነፋሱ አባያዋን እያርገበገበው የአውሮፕላኑን ደረጃ ትወጣለች፤ ሳቢት ከኋላዋ ሆኖ የእጅ ቦርሳዋን ይዞላታል። የሆነ ነገር አላትና ሳቀች።

«አዎ!» አለች ዓቢዳ፤ ጥያቄው እንኳ ገና አላለቀም።

ካፒቴኑ እስክሪብቶውን አወጣ። ዓቢዳ የገዛ አፏ ያወጣውን የሰማችው ያኔ ነው። ሌላ ቀን አውሮፕላኗ የተረፈ ጉልበት አላት፤ የዓቢዳን ዘመዶች የተደበቀ ኪሎ ችላ ትሸከመው ነበር። ዛሬ ግን ሰውዬው ትርፍ የለኝም ብሏታል፤ በቁጥርሽ ልክ ነው የምነሳው ብሏታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ውሸት ነው። ይህን እያወቀች፣ ውዳድን እያየች ነው «አዎ» ያለችው፤ ያውም ቸኩላ። ውዳድ እንድትሞት አልተመኘችም፤ ወላሂ አልተመኘችም። «አዎ»ው ግን እሷን አላስፈቀደም። እስከዚያች ደቂቃ ቅናቷን የቀሚስ፣ የወርቅ፣ የባል ቅናት አድርጋ ነበር የምታውቀው። እንዲህ ያለ ጥርስ እንዳለው አላወቀችም ነበር፤ ራሷን ፈራች።

«ካፕቴን፣ አይፈርሙ።»

«ምነው?»

«ቁጥሩ ውሸት ነው። ሁሉም።» ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «የሁለት ሻንጣ ብቻ ነው እውነት።»

«የትኞቹ?»

ዓቢዳ በመስኮቱ ወደ ሲሚንቶው ጠቆመች።

ካፒቴኑ አልጮኸባትም። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ሰዉም ሻንጣውም ይውረድ አለ። እያንዳንዱ ሻንጣ እንደገና ሚዛን ላይ ወጣ፤ ካፒቴኑ ራሱ ከጎኑ ቆመ። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሰልፉ ላይ ያለው ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ከዓቢዳ ላይ እያነሳ ጀርባውን ሰጣት። «ጉድ ሠራችን» ተባለ፤ «ከመቼ ወዲህ ነው ይህ ሁሉ ሐቀኝነት?» ተባለ። የሳቢት እስሮች ሲመዘኑ ባንቴ ሳይቀር አፉን ያዘ።

«አቦ! እኔን?» አለ ሳቢት፤ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። «እኔን እንዲህ ታዋርጂኛለሽ? ቅናት ነው! ሌላ ምንም አይደለም፣ ቅናት ነው!»

ያን ሁሉ ዘመን ስትቀንስለት አንድም ቀን ፍቅር ነው ብሎ አያውቅም። ዛሬ በልኩ ሲመዘንበት ቅናት ነው አለ።

የሳቢት እስሮች ቀሩ፤ የብዙ ዘመድ ሻንጣም ቀረ። ካፒቴኑ ክብደታቸው የታመነ በመሆኑ ቀድመው ይግቡ ያላቸው ሁለቱን አረንጓዴ ሻንጣዎች ነበር። የማንዳብ ኃላፊ ሙሰዲቅም ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካለው ቢሮው በመኪና ደርሶ ነበርና ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ብሎ ባጇን ከአንገቷ አወለቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

መንገደኛው እንደገና ሊሳፈር ሲሰለፍ ውዳድ ከሰልፉ ወጣችና ወደ እሷ መጣች። ዓቢዳ ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ የምትሸሽበት አጣች። ውዳድ በሒና እጇ ትከሻዋን ያዘቻት።

«የሰው ሁሉ ሲጭበረበር የእኔን ብቻ በሐቅ መዘንሽልኝ። በሻንጣዬ ላይ የማንም አፍ እንዳይከፈት አደረግሽልኝ። አላህ ይስጥሽ።»

ስድብ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ዓቢዳ ቻለች፣ ቻለችና አልሆነላትም።

«ለሐቅ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀንቼብሽ ነው። ያስወረድኩትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ውዳድ። «ጠዋት ሚዛኑ ላይ ትንፋሽሽን ይዘሽ ሳይሽ ገባኝ። ለዚህ ነው ያልተከራከርኩሽ።» ከዚያ ጉንጯን ሳመቻት። «ሐሙስ እንዳትቀሪ። ከጎኔ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፤ ቀሚስሽ ከእኔ ጋር አብሮ ተሰፍቷል፤ ሻንጣው ውስጥ ነው» አለችና ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

ፕሮፔለሮቹ ተነሱ። አውሮፕላኗ በመንደርደሪያው ላይ ሮጣ፣ ቀለል ብላ ተነስታ በባሕሩ በኩል ዞረች። ዓቢዳ ባዶ አንገቷን እየዳሰሰች እስክትጠፋ ድረስ አየቻት። ወርቁን ብትወስድ፣ ባሉን ብትወስድ፣ እሺ። እንዲህ ያለ ልብ ደግሞ ከየት አመጣች? በዚህም ቀናችባት።