ከሌንሱ እስከ ዓይኔ ጥግ

የ«ሃርግሮቭ ቤት»ን ድራማ የሚወዱ ሰዎች የማያውቁት ነገር የለም፤ እንደነሱ አባባል። በረዶው የድንች ዱቄት እንደነበር ያውቃሉ። ደረጃው ስድስት እርከን ወጥቶ ግድግዳ ላይ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ የሠራተኛው ሳንድዊች ማስቀመጫ እንደነበር እንኳ ያውቃሉ። ከሰባተኛው ምዕራፍ አጋማሽ ወዲህ የዋናዋ ተዋናይ የኮሪን ዳልቢ ፊት ለምን ትንሽ እንደሚደበዝዝ ሲጠየቁ ግን፣ «አርጅታ ስለነበር ሌንሱን ቫዝሊን ቀብተውላት ነው» ይላሉ። ውሸት ነው! ኮሪን ነፍሷን ይማርና ክፉ አመል ነበራት፤ ቫዝሊን ግን አላስቀባችም። ፊቷ የደበዘዘው በእኔ ምክንያት ነው።

ቨርና ስቶክሊ እባላለሁ። በዚያ ድራማ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል ሠርቻለሁ፤ በአንዱም አልታይም። ሥራዬ መቆም ነበር። ቁመቴ ከኮሪን እኩል፣ ፀጉሬም እንደሷው ስለሆነ፣ እሷ ክፍሏ ቁጭ ብላ ስትኳኳል እኔ በሷ ቦታ እቆማለሁ። መብራቱ በእኔ ላይ ይስተካከላል፣ ካሜራው በእኔ ላይ ይለካል። ወለሉ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ይለጠፍልኛል፤ የጫማዬን ጫፍ እሱ ላይ አደርግና ቀጥ ነው። መሳቅ የለ፣ ማኩረፍ የለ። ፊት ከተንቀሳቀሰ ጥላው ይበላሻል። ሁሉም ሲያልቅ ረዳት ዳይሬክተሩ «ሁለተኛው ቡድን ይውጣ!» ብሎ ይጮሃል። ሁለተኛው ቡድን እኛ ነን። እንወጣለን፣ ኮከቦቹ ይገባሉ።

ባለፈው ሰኞ በርባንክ ያለው ቤቴ ድረስ ማሪሶል የምትባል ልጅ መጣች። ስለ ድሮ ድራማዎች የምታወራበት የኢንተርኔት ዝግጅት አላት። በረዶ የገባበት ሻይ ቀዳሁላት። አንድ ካርቶን ሙሉ ያረጀ ወረቀት ይዛ ነበር፤ ከጨረታ ገዝታው ነው።

«ሚስ ቨርና፣ እነዚህ የካሜራ ወረቀቶች ናቸው» አለችኝ። «እያንዳንዱ ሾት ከስንት ጫማ ርቀት እንደተነሳ ተጽፎባቸዋል። እስከ ክፍል መቶ ሃምሳ አንድ ድረስ ጽሕፈቱ አንድ ነው። ከዚያ ይቀየራል። ልክ እዚያው ላይ ምስሉም ይደበዝዛል። ቫዝሊን አይመስለኝም።»

«ጎበዝ! እስከ ዛሬ ይህን ያሰብሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«የሚለካው ሰውዬ ሄዶ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ሰባትን ሲጽፍ መሃሏን የሚያቋርጣት ነገር ነበረው። በሰባ ስድስት ዓመቴ በአንዲት ሰባት ቁጥር ላለቅስ ነበር እኮ!

ሎዌል ኤከን ነው ሰውዬው። ካሜራው አጠገብ ቆሞ ፎከሱን የሚያስተካክለው እሱ ነበር። የሜትሩን አንድ ጫፍ ካሜራው ላይ ያንጠለጥልና ሌላውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ልኩ ከሌንሱ እስከ ዓይኔ ጥግ ነው። ሜትሩ ፊት መንካት የለበትም፣ ደንብ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጣት ሲቀረው ያቆማል። በቀን ሃያ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሠላሳ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ። ያቺን አንድ ጣት የረገምኳት መጠን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ዓይኑማ ዓይን አልነበረም፣ ሜትር ነበር። መብራት ጎታቾቹ በዶናት ይወራረዱበት ነበር። «እዚያ በር ላይ ያለው ሰውዬ ስንት ነው?» ይሉታል። «አሥራ ዘጠኝ ጫማ ከአራት ኢንች» ይላል። ይለካሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ከአራት ነው። ዶናቱን ለእኔ ያመጣልኛል። «ብይ፣ ኮሪን ከከሳች አንቺም ልትከሺ ነው» ይለኛል። «አንተ ደግሞ ሌላው ሲሠራ የሰው ፊት ታያለህ» እለዋለሁ። «ለዚህ ነው የሚከፍሉኝ» ይላል። ከዚህ ያለፈ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ግን እሑድን የምጠላ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሥራ የለማ።

ከዚያ ያቺ ሐሙስ መጣች። ኮሪን በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ የምታይበት ሾት ነው፤ ከቅርብ። እኔ ፕላስተሬ ላይ ቆሜያለሁ። ጋስ፣ የመብራቱ አለቃ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ይሳደባል። ሎዌል ሜትሩን ይዞ መጣ፣ አንድ ጣት ሲቀረው አቆመ፣ ልኩንም አላነበበም።

«ቨርና» አለኝ በሹክሹክታ። «ሃዋይ የሚቀረጽ ሥራ ሰጥተውኛል። እዚህ እየለካሁሽ ብቻ መኖር አቃተኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

እንዲህ ነው ያለኝ፤ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አፌን ልከፍት ስል ጋስ ከላይ ጮኸ። «ቨርና! እንዳትንቀሳቀሺ! ጥላው አፍንጫሽ ላይ ነው፣ ቅንድብሽ እንኳ እንዳይነቃነቅ!»

እኔም አልተንቀሳቀስኩም። በፈጣሪ፣ ምን ነካኝ? ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ነው፣ ፊቴ ግን ጭጭ። ሎዌል ጠበቀኝ፤ ዓይኑ ፊቴ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት። ከዚያ «አራት ጫማ ከሁለት» አለ፤ ድምፁም ልክ አልነበረም። «ሁለተኛው ቡድን ይውጣ!» ተባለ። ወጣሁ። ኮሪን ሽቶዋን እየነሰነሰች ገባች።

ለምን ምሳ ሰዓት ሄደሽ አልነገርሽውም በሉኛ! ይገባችኋል፣ እኔም ራሴን መሳደብ ከጀመርኩ አርባ አምስት ዓመት ሆነኝ። በምግብ አዳራሹ ሁለት ጠረጴዛ አልፌው ተቀመጥኩ። ይመጣል አልኩ። በእኛ ሥራ እኮ አንዴ የተበላሸ ነገር ይደገማል። ኮሪን ቃሏን ስትረሳ ይደገማል፣ አውሮፕላን በላያችን ካለፈ ይደገማል። እንዲያ ስሠራ ኖሬ ኖሬ ሕይወትም እንዲያው መሰለችኝ። ተነስቶ ይመጣና እንደገና ይጠይቀኛል፣ እኔም በዚህኛው በደንብ እመልሳለሁ ብዬ ሳንድዊቼን አላመጥኩ። ቀናም አላለ። ዓርብ ጠዋት ካሜራው አጠገብ ሌላ ሰው ቆሟል።

«ሎዌልስ?» አልኩት ጋስን።

«ሃዋይ ሄደ። ምነው፣ አልነገረሽም?»

ምትኩ ደህና ልጅ ነበር፤ የሚሠራው ግን በዓይኑ ሳይሆን በተስፋ ነው። ቫዝሊን የሚሉት ይኸው ነው። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ፤ ኩራት ይሁን ፍርሃት እንጃ። በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም አገባሁ፤ አራት ዓመት። ክፉ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ልኑር ልውጣ ግን አያውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ለማሪሶል አወራሁላት። የድምፅ መቅጃዋን ዘግታዋለች፤ ልጅቷ ጨዋ ናት። «ሚስ ቨርና፣ አይቆጡኝ» አለችኝ። «ሚስተር ሎዌልን ባለፈው ሳምንት አግኝቻቸዋለሁ።»

«ምን?»

«እዚህ ውድላንድ ሂልስ የአረጋውያን መኖሪያ ነው ያሉት። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ለምን ሥራውን እንደተዉ ስጠይቃቸው፣ ‹እዚያ ትቆም የነበረችውን ጠይቂያት› አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ‹ጠየቅኳት፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም› አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።»

ምንም አልነበረም! ይህን ይዞ አርባ አምስት ዓመት መኖር! ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ ብዬ ለካ አየር ላይ ኖሯል የለቀቅኩት፤ ሻዩ ምንጣፌን አጠበው።

«ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ወደ ኦሃዮ ልትወስዳቸው ነው» አለች ማሪሶል እየጠረገች። «እሷ ጋ ሊኖሩ።»

«ኧረ ተይ፣ እኔ አሁን በዚህ ጉልበቴ የት እሄዳለሁ? አሮጊት በሽማግሌ በር ላይ ስትቆም አያምርም» አልኳት።

«መቆሙን እንኳ ይችሉበታል» አለችኝ። የማትረባ! በሳቅ ገደለችኝ።

ዓርብ በሷ መኪና ሄድን። ሦስት ቀሚስ ቀያይሬ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ለበስኩ። መንገዱን ሙሉ ቃሌን አጠናሁ፤ አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም ልረሳት ነበር። አዎ ነበር መልሴ። ይህን ሰምቶ ይሂድ፤ ሌላ የምፈልገው የለም አልኩ። ዋሸሁ እንጂ፣ ሌላም እፈልግ ነበር።

አንዲት ነርስ የጓሮው በር ድረስ ወስዳ አሳየችን። ሎዌል ሎሚ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ትልልቅ እጆቹ ግን ያው ናቸው። ነርሷ በጆሮዬ፣ «ዓይናቸው መሃል መሃሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ነው የሚያዩት። የሰው ፊት አይለዩም» አለችኝ። የዚያ ሰው ዓይን! እግሬ እዚያው በሩ ላይ ደረቀ። ማሪሶል በክርኗ ጎሰመችኝ፤ እኔ እንደሆነ ፕላስተር ላይ የቆምኩ ይመስል ንቅንቅ የለም። እንደገና ያው በሽታዬ!

«ማነው እዚያ?» አለ ሎዌል። ራሱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ ፈለገኝ። «ምንም ሳይል እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው» አለ።

«ጋስ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ያጠናሁት ሌላ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ። «ጋስ እንዳትንቀሳቀሺ ብሎኝ ነው! አንተ ስትጠይቀኝ ጥላው አፍንጫዬ ላይ ነበር። ቅንድብሽ እንኳ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ሎዌል! መልሴ አዎ ነበር።»

ሎሚው ላይ ወፍ ትንጫጫለች። ማሪሶል ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

«ምሳ ሰዓት ለምን አልመጣሽም?» አለኝ በመጨረሻ።

«ትደግመዋለህ ብዬ።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ግን ሳቅ መሆኑ ቀረ። መሐረቡን አውጥቶ እነዚያን የማይረቡ ዓይኖቹን ጠረገ። «እኔም እኮ ሁለት ጠረጴዛ አልፈሽ ስትቀመጪ መልሱ ይኸው ነው አልኩ» አለ። «ሃዋይን አንድ ቀን አልወደድኳትም።»

«አገባህ አይደል!»

«አገባሁ። ደግ ሴት ነበረች። አንቺስ?»

«የጥርስ ሐኪም።»

«ወይ አንቺ ምስኪን» አለኝና እንደገና ሳቅን።

ነገ ጠዋት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አላነሳነውም። ለካ እኔ እስካሁን በሩ ላይ ነኝ።

«አሥራ አንድ ጫማ ከስድስት ላይ ነሽ» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ? አታይም አይደል!»

«ድምፅሽን ሰማሁት። ነይ እስኪ።»

ጉልበቴን ይዤ ተራመድኩ። «አሁንስ?»

«ሰባት።»

«አሁንስ?»

«አራት ከሁለት» አለ። ያ የመስኮቱ ሾት ርቀት ነበር።

አንድ እርምጃ ጨመርኩ፣ ጎንበስም አልኩለት። «አሁንስ?»

እጁን አነሳ። በዚያው በድሮው መንገድ ነው የመጣው፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ዓይኔ ጥግ። አንድ ጣት ሲቀረው እንደ ልማዱ አቆመ። ከዚያ ነካኝ። ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ ጣቱ ላይ ተሰማው።

«ከዚህ በላይ ከቀረቡ ሌንሱ አጥርቶ አያይም» አለ።

እጁን ግን አላነሳም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም።