ወደ ግድግዳ የዞረው ወንበር

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ እዚህ እግሬ ሥር ቦታ አለ። ምሳውን አሁን የጨረሰ ካለ ግን ትንሽ ቆይቶ ይምጣ፤ የማወራው የሚያስጠላ ነገር ነው። እኔም እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ወደ ላይ ይለኛል።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጥርስ ሐኪም ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው አፍ በጀሶ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ሊጥ የመሰለውን የልኬት ማንሻ በብረት ትሪ ሞልቶ ታካሚው ጥርስ ላይ ይጫነዋል፤ ሲጠነክር ይነቅለውና ወደ እኔ ይልከዋል። ምራቁን፣ ደሙን፣ የቀረውን ትርፍራፊ በቧንቧ ውሃ አጥብና ጀሶ አፈስበታለሁ፤ አረፋው እንዲወጣ የትሪውን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ። ይሄ አያንገሸግሸኝም ነበር። ጓንት አለ፣ ውሃ አለ፣ የአፉ ባለቤትም አጠገቤ የለም። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ገበታ ላይ ያለ አፍ ነበር፤ ይባስ ብሎ ደግሞ የገዛ የልጅ ልጄ አፍ።

ድንቢጥ እያልን ነበር የምንጠራት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ርቆ ስለሚሠራ እሷና እናቷ እኔ ዘንድ ይኖሩ ነበር። ስትበላ... እንዴት ልበላችሁ። ዳቦው በወተት ርሶ፣ ቡኮ መስሎ በከንፈሯ ጥግ ይመለሳል። ስትውጥ እግር ከጭቃ ውስጥ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ አገጯ ይጨማደዳል፤ ከዚያ ለሃጯ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ሳህኑ ላይ... ተዉት። የጎረስኩትን መዋጥ ያቅተኝ ነበር።

ማንም «ዘወር በይ» ብሏት አያውቅም። ብቻ አንድ ቀን እናቷ ወንበሯን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ሌላ ቀን እኔ ትንሽ ጨመርኩበት። ዓመት ሳይሞላ ልጅቷ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከግድግዳው ጋር ተፋጥጣ፣ አፏን በትንሽ ፎጣ ሸፍና የምትበላ ሆነች። ፎጣዋ የጎመዘዘ ወተት ይሸት ነበር። እኛ ደግሞ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እንላለን።

የፊት ጥርሶቿ አይገጥሙም። ነክሳ እንኳ ትንሿ ጣቴ በመሃል ታልፋለች። ሐኪሙ ማስተካከያ አዘዘላት፤ የሠራሁላትም እኔው ነኝ፤ ሽቦውን በጉጠት አጥፌ፣ ሮዙን ፕላስቲክ ሞርጄ። በዓመቱ ጥርሷ ገጠመ። «አሁን ማታ ማታ ብቻ አድርጊው» በተባለች በአራተኛው ወር ተመልሶ ተከፈተ። ሁለተኛ ሠራሁ። ገጠመ፤ ተከፈተ።

«አውልቀሽው ነው የምትተኚው!» ብዬ ጮህኩባት።

«አባባ ይሙት አላወለቅሁም!»

«ጭራሽ እኔን ገድለሽ ትዋሻለሽ?»

ሦስተኛው ልኬት ሲወሰድ አስመለሳት። ትሪው ወደ እኔ ሲመጣ የጠዋቱ ወተት እርጎ ሆኖ ሊጡ ላይ ተጋግሯል፤ ክፍሌ ቅርሻት ቅርሻት ሸተተች። ትንፋሼን ይዤ አጠብኩት። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ እጁን እየጠራረገ፣

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ጣቷን ትጠባለች» አለኝ።

«አልጠባም ትላለች እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። አሁን አጥር እንሠራላታለን። ከላይኛው ጥርሷ ጀርባ አራት ሹል ሽቦ ያውጡላት፤ ጣቷን ስታስገባ ይወጋታል። ይሄም ካልሆነ ጥርስ ወደ መንቀል መሄዳችን ነው።»

በዚያው ሳምንት አስተማሪዋ እናቷን አስጠርታ፣ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ምሳ ዕቃዋን እንደማትከፍት ነግራት ነበር። ልጆቹ «እንሽላሊት» ይሏታል። ጉንጯ ሟሟ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ሰው ፊት መብላት ያቆመች ልጅ፣ አፏ ውስጥ እሾህ ስጨምርባት ጭራሹን መብላት ብትተውስ?

የታዘዝኩትን ግን ጀመርኩ። አራቱን ሹሎች አወጣሁ። ምን ያህል ይርዘሙ ብዬ ሳስብ፣ ሰው ሲውጥ ምላሱ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ምራቄን ዋጥኩ። ጥርሴ ገጠመ፤ ምላሴ ወደ ላንቃዬ ወጣ፤ የፊት ጥርሴን አልገፋም። ደግሜ ዋጥኩ። ያው ነው።

የእሷስ ምላስ የት ይሄዳል?

ሦስት ጊዜ አፏን በጀሶ አውጥቻለሁ፤ ጥርሶቿን በጣቴ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ያቺ ልጅ ስትውጥ ግን ፊቴን ሳላዞር ዐይቼ አላውቅም። አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ፣ ስንት ዓመት! ያን ጊዜ ነው ዋናው ማቅለሽለሽ የመጣብኝ። ያቅለሸለሸኝ የገዛ ራሴ ነበር።

ቤት ገብቼ ወንበሯን አዞርኩት።

«ነይ፣ ወደ እኔ ዙሪና ብዪ።»

«አልበላም። ያስጠላሃል።»

«ያስጠላኛ!»

«ያስመልስሃል።»

«ካስመለሰኝ አንቺ ትጠርጊያለሽ። እኔ የስንቱን ጠርጌያለሁ።»

ፎጣው ውስጥ ሳቀች። ቀስ ብዬ ፎጣውን ወሰድኩባት።

በላች፤ እኔም አየሁ። ምራቄ ጨው ጨው አለኝ። ዐይኔ በገዛ ራሱ ወደ መስኮቱ ሊሸሽ ሲል የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ መለስኩት። ነጭ ዝልግልግ የተለጠፈበት ወፍራም ምላሷ በፊት ጥርሶቿ መሃል ብቅ አለ፤ ጥርሶቹን ወደ ውጭ ገፋና ተመለሰ፤ ወተቱም አብሮት ተዝረበረበ። ደግማ ዋጠች። ደግሞ ብቅ። በዋጠች ቁጥር እኔ ዓመት ሙሉ በሽቦ የምስበውን እሷ በምላሷ ትመልሰዋለች፤ ሳታውቀው።

እናቷ ገባች። «አባዬ! ልጄን ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምታሳቅቃት?»

«ቁጭ በይና እይ።»

«እኔ አልችልም...»

«እኔም አልችልም። ቁጭ በይ።»

በማግስቱ ድንቢጥን ይዤ ሐኪሙ ክፍል ገባሁ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃም ሰጠኋት። ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ ስትወስደው ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ዞረ። ለካ እሱም!

«አይዙሩ ዶክተር።»

«እየሰማሁ ነው ጋሼ፣ ይቀጥሉ።»

«በጆሮ የሚታይ አይደለም። ይዩዋት።»

ዞረ። ጠጣች። ውሃው በአገጯ ወርዶ ደረቷን አራሰው። ድጋሚ አስጠጣት፤ ከንፈሯን በሁለት ጣቱ ገልጦ ተመለከተ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምላሷ ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሰው በቀን ከሺህ ጊዜ በላይ ሳይውጥ አይቀርም። ይሄ ሁሉ ግፊያ እያለ ሽቦ ብቻውን ምን ያደርጋል?» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ጣትሽን ትጠቢያለሽ ብዬሻለሁ፤ ይቅርታ» አላት።

አጥሩ ቀረ። ልጆችን መዋጥና መናገር ወደምታስተምር ባለሙያ ላከን። የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ፣ ጥርስ ግጥም፣ ከዚያ መዋጥ፤ በየቀኑ፣ መስታወት ፊት። ቀላል ይመስላል አይደል? ወራት ሙሉ መስታወቱን በለሃጭ ስንቀባው ከረምን። እናቷም ተጨምራ ሦስታችን ተደርድረን ስንለማመድ እኔ ሸሚዜን አበላሸሁ፤ «እንሽላሊቱ አንተ ነህ አባባ!» ብላ ተንከተከተች። ሦስተኛውን ማስተካከያ ያለ ሹል ሠራሁላት። ካወለቀችው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ትንሿ ጣቴ አታልፍም። ምሳ ዕቃዋም ባዶውን ይመለሳል፤ ሲቸኩላት ግን አሁንም አገጯ ይረጥባል።

ማስጠላቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ዳቦ በወተት ሳይ ሳህኔን ገፋ አደርጋለሁ። ከዚያ ሁሉ ለሃጭና ቅርሻት የበለጠ የሚቀፈኝ ግን ያ ወንበር ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ያዞርኩት በገዛ እጄ ነዋ። አራቱ ሹሎች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ መጣል አልሆነልኝም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አበላሉ የሚያስጠላችሁ ልጅ ገበታችሁ ላይ ቢቀመጥ፣ ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እስኪውጥ ድረስ እዩት። ይቺን አደራ፣ አስታውሱልኝ።