የማን ዘመድ ነው?

ጋሼ ወልደአምላክ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልብስ በኬሚካል የሚታጠብበት ድራይ ክሊነር አላቸው። ከዚያ ሌላ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ከውድብሪጅ እስከ አስፐን ሂል ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አንዴ አምስተኛው ቤት ላይ ዝምድና አግኝተው የጥሪ ወረቀቱ የተበተነ ሰርግ አስቀርተዋል። የሙሽራዋ እናት እስካሁን ሰላም አይሏቸውም። እሳቸው ግን ግድ የላቸውም፤ "ስምማ ማንም ያወጣል፤ እኔ የምጠይቀው የማን ዘር እንደሆነ ነው" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ፣ የኬሚካሎችን ጉዳት የሚመረምር ቢሮ ውስጥ የምሠራ ኬሚስት ነኝ። ሥራዬ ከእሳቸው ብዙም አይርቅም። ኬሚካሉን ሁሉ አንድ በአንድ እንፈትን ብንል ዕድሜ አይበቃንም፤ ስለዚህ የሚመሳሰሉትን በቤተሰብ በቤተሰብ እንመድባለን። አንዱ ነርቭ የሚጎዳ ከሆነ ወንድሙም ሳይጣራ አይታመንም። ይህን አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የማስተምረው እኔው ነኝ። ያሳፍራል።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ ደወሉልኝ። የድሮው የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ሊቀር ስለሆነ ሻጩ በምትኩ አዲስ አምጥቶላቸዋል።

"ዕድላዊት፣ እስቲ ቼክ አድርጊልኝ። በርሜሉ ላይ 'ከድሮው ነጻ' ይላል።"

ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ስሙን ፊደል በፊደል አነበቡልኝ። የተከለከሉትን ዝርዝር ከፍቼ ፈለግኩት፤ የለም።

"ሊስቱ ላይ የለም ጋሼ፤ ይጠቀሙበት" አልኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። መርቀውኝ ዘጉ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃቸው ማራናታ ኮል አደረገችልኝ።

"አባዬ ስቴርስ ላይ ወደቀ። ሁለቱም እግሩ ደንዝዟል፤ ዶክተሩ ነርቭ ነው አለ። ሰርጌ እኮ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው! ማን ይዞኝ ይገባል?"

ያን ስም እንደገና ከፈትኩት። አሁን ዘመዶቹን ጠየቅኩ። ወንድሙ ነርቭ ይጎዳል። የአጎቱ ልጅም እንደዚያው። ስለ ራሱ ስለ ፈሳሹም፣ እግራቸው ስለደነዘዘ ሠራተኞች የሚናገር ጽሑፍ እኔ ያን ጊዜ የጋሼን ስልክ ከማንሳቴ በፊት ወጥቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ባለቤታቸው እትዬ ውባንቺ ከፈቱልኝ። ደጃፉ ላይ የወደቀ አንድ ነጠላ ጫማ ተሻግሬ ገባሁ። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ሁሉንም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

"ስሙን ብቻ ነው የጠየቅሽው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"የማን ዘመድ ነህ አላልሽውም?"

"አላልኩም።"

"እኔስ ብሆን? ለሰው ልጅ ሰባት ቤት ስቆጥር ኖሬ፣ ቀን ተቀን የምተነፍሰውን በስሙ ብቻ ቤቴ አስገባሁት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልቤ ተሰበረ።

"እግሬ ይመለሳል?"

"አላውቅም። ማሽኑ ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት።"

"ሻጩ ሌላ አለኝ ብሏል። ያኛው ደግሞ ከዚህኛው ነጻ ነው ይላል።"

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" አሉ እትዬ ውባንቺ ከቆሙበት።

ያኔ ነው መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ የመጣልኝ።

"ማሽኑ ጋ ሌላ ማን ይሠራል?"

"ፊልተሩን የምታጸዳው እሷ ናት" አሉ ጋሼ፤ ወደ ሚስታቸውም ዞሩ።

እኔም ዞርኩ። እትዬ ውባንቺ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶውን ነው። ዓይናችንን ተከትለው ወደ ታች ሲያዩ ደነገጡ። ጫማው መውለቁን አላወቁም ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሏቸው ጋሼ።

"ከፍልሰታ።"

"ምነው ዝም አልሽኝ?"

"አንተ እስኪሻልህ ብዬ ነው" አሉ፤ ግድግዳውን ይዘውም ጫማቸውን ሊያመጡ ወደ በሩ ሄዱ።