ኤግዚቢት ቁጥር አንድ

ልጄና ስድስት ጓደኞቹ «የታሰሩት መምህራን ይፈቱ» ብለው መንገድ መሃል አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡበት። ሌላ ያደረጉት ነገር የለም። ፖሊስ ከነወንበሩ ሰብስቦ ወሰዳቸውና ክሱ ሕዝብን ለአመፅ ማነሳሳት ሆነ። ቁጭ ብሎ ሕዝብን ማነሳሳት እንዴት እንደሚቻል እስካሁን የነገረኝ የለም።

ሦስት ወር ሙሉ በየቀጠሮው ተመላለስኩ። ጉልበቴ ድሮም ሰላም አይሰጠኝም፤ ደግነቱ ችሎቱ በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ረጅም ወንበር ነበር። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ይንገዳገዳል። ስለዚህ መዝገብ ቤት የሚሰጠኝን የቀጠሮ ወረቀት እያጠፍኩ ከሥሩ እሸጉጥ ነበር። ወንበሩ እየተቃና ሲሄድ የልጄ ጉዳይ ግን እየተንጋደደ ሄደ።

ያን ቀን ዳኛው ማስረጃውን መቀበል አለመቀበላቸውን በብይን ሊያሳውቁ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ፎቶ የለው፣ ምስክር የለው፤ ያለው ያ ከመንገድ የተያዘው ወንበር ብቻ ነው። ከተቀበሉት ልጄ እንደታሰረ ይከራከራል፤ ውድቅ ካደረጉት ቤቱ ይገባል።

ጠበቃችን የወንበሩ አጠባበቅ ይጣራልኝ ሲል አመለከተ። ዐቃቤ ሕጉ ደረቱን ነፍቶ፣ ኤግዚቢት ቁጥር አንድ ከተያዘበት ደቂቃ ጀምሮ ታሽጎ፣ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎበት፣ የሰው እጅ ሳይነካው መቀመጡን አስረዳ። ዳኛው ይቅረብ አሉ። የኤግዚቢት ክፍሉ ሠራተኛ ወጥቶ ብዙ ቆየና ከአንድ ፖሊስ ጋር ተሸክሞት ገባ። መሬት ሲነካ ተንገዳገደ። ያኔ አወቅኩት።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ጌታዬ፣ እሱን ወንበር ሦስት ወር የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማስረጃ አለዎት፣ እናቴ?» አሉ ዳኛው።

ኮሪደሩ ወለል ላይ የቀሩትን ወረቀቶች አስመጡ። ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም የፍርድ ቤቱ ማኅተም አለባቸው። ዳኛው ከመንበራቸው ወርደው ወረቀቶቹን ራሳቸው ሸጎጡና ተቀመጡበት። ዝንፍ አላለም። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ መጋዘኑ ስለሞላ ኮሪደር እንዳወጣው አመነ።

ብይኑ አጭር ነበር። ማስረጃው ውድቅ ሆኗል፤ ተከሳሾቹ ይለቀቁ፤ ወረቀቶቹ ከመዝገቡ ጋር ይያያዙ፤ ኤግዚቢቱም ወደተያዘበት ቦታ ይመለስ።

ፖሊሶቹ ትእዛዝ አክባሪዎች ናቸው። ወንበሩን ተሸክመው ሄዱና፣ የተያዘበትን ቦታ በሜትር ለክተው፣ መንገዱ መሃል አስቀመጡት። መኪናው ሁሉ ቆሞ ጥሩምባውን ያንባርቃል። እኛም ተከትለናቸው ደርሰናል፤ ልጄን አቅፌ አልቅሼ ሳበቃ ወደ ወንበሩ አመራሁ።

«እማዬ፣ እዚያ ላይማ እንዳትቀመጪ» አለኝ።

«መምህራኑስ ተፈቱ?»

«አልተፈቱም።»

የልጄን የመፍቻ ትእዛዝ ግልባጭ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አራት ቦታ አጥፌ ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጥኩትና ተቀመጥኩ።