አክስቷ በጓዳ የጠየቀቻት

ዕድሜዋ አሥራ ስድስት፣ ቁመቷ ከአባቷ በላይ ቢሆንም፣ ቤተሰቡ ሚጢ ማለቱን አልተወም። ያ ዓመት ግን ከፍቶባት ነበር። አባቷ የሚሠራበት ፋብሪካ ተዘጋ። ቤቱ ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ሆነና ወላጆቿ ተለያዩ። ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ቤት ገቡ፤ ትምህርት ቤትም ቀየረች። አዲሱ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ የለም።

እናቷ ልብስ ንጽህና መስጫ ቤት ልብስ ስትተኩስ ውላ እግሯ አብጦ ትገባለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ትላታለች። «ደህና።» በዚያው ያልቃል።

በነገሩ የነቃችው አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ፀጉር ሠሪዋ ናት። አንድ ቅዳሜ ሚጢ ፀጉር ቤቱ መጥታ የምትሳሳላቸውን የሥዕል ቀለሞችና ጃኬቷን ለአክስቷ ልጅ ሰጠቻት።

«ምነው? በደህናሽ ነው?»

«ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርጉልኛል?»

የአክስቷ እጅ ቆመ። ደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ሚጢን ጓዳ ወሰደቻትና በሩን ዘጋች።

«የኔ እናት፣ አትደብቂኝ። ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?»

«አዎ። ደክሞኛል፣ አክስቴ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«እነግራታለሁ። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ። ብቻሽን ግን አልተውሽም።»

ከውጭ ደንበኛዋ ጮኸች፦ «ኧረ ጭንቅላቴ ተቀቀለ!» ሚጢ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ።

አክስቷ ደውላላት እናቷ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች። «ምን አጎደልኩብሽ?» ብላ ስትጀምር፣ እህቷ «አሁን ዝም ብለሽ እቀፊያት» አለቻት። አቀፈቻት።

በዚያው ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ሚጢን ለብቻዋ ረጅም ጊዜ አነጋገራት። በኋላ እናቷን፣ «ሕመም ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም፤ ይታከማል። ለጊዜው ብቻዋን አትተያት፤ ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውንም ነገር ከቤት አርቂ» አላት።

ቶሎ አልተሻላትም። ሁለት ጊዜ «ሕክምና አልሄድም» ብላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ቀርታለች። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሕክምና የሚወስዳት አባቷ ነው፤ የሚያወራው ሲጠፋው በአውቶቡስ መስኮት የሱቅ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ያነባል።

በአራተኛው ወር ሐኪሙ፣ «ያ ሐሳብ አሁንም ይመጣል?» አላት።

«አልፎ አልፎ። ሲመጣ ግን ለእማዬ እነግራታለሁ።»

ስትወጣ አባቷ አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ያንኮራፋል። ትከሻውን ነቀነቀችው።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ! ሰው እያየን ነው።»