ሠላሳ አንደኛዋ ተሳፋሪ

"ስድስት ሚሊሰከንድ ነው የሚለው" አለች ፕሮግራመሯ፤ ያየችውን ራሷም አላመነችምና ጣቷን ከስክሪኑ ላይ አላነሳችም። "ትናንት በዚሁ ማሽን አንድ መዝገብ ለመፍታት አርባ አንድ ይፈጅ ነበር።"

ሰርቨር ጠባቂው ከነወንበሩ እየተንሸራተተ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ዶክተር" ይለዋል። ማሽን ሲታመም ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ነው እንጂ የትምህርቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው፤ ስድስት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክረው አምስት ተኩል መጣ። ፕሮግራመሯ ደስታዋን የምታደርግበት ብታጣ የዶክተርን ትከሻ በቡጢ ነረተችው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው የድርጅታቸው ድረ ገጽ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ቁጥር ይወድቃል። ባለፈው ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያቃስት ውሎ ከተሰለፈው ሰው ግማሹ ባዶ እጁን ቀርቷል። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ጠርተው ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ ዛሬም ከወደቀ ሥራው ለውጭ ድርጅት ይሰጣል፣ የእነሱም ክፍል ይዘጋል። ሽያጩ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

በሽታውን ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ተሳፋሪ ገጹን በነካ ቁጥር ፕሮግራሙ የሰውየውን መዝገብ ፈትቶ ያነባል፣ ከዚያ መልሶ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። አጠቃለሉ ግን አያድርስ ነው። "ወንበር" የሚለውን ቃል ብቻ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁለት ሺህ ጊዜ ይጽፋል። እሷ ያገኘችው ኤክስቴንሽን፣ በፕሮግራሚንግ ቋንቋው ላይ የሚጫን ትንሽ ተቀጥላ ነው፤ "ወንበር"ን አንዴ ብቻ ይጽፍና ሌላውን በምልክት ይጠቁማል። አምስት ሻንጣ የሚሞላ ልብስ በአንድ ሻንጣ አጣጥፎ እንደሚያስገባ መንገደኛ ነው። ይህንኑ ሰሞኑን ላገኘችው ሰው ሁሉ እጇን እያወናጨፈች ስታስረዳ ከርማለች። እናቷ እንኳ ጉዳዩ ገብቷት "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?" ብላታለች።

እናቷም ከተሰላፊዎቹ አንዷ ናት። ትንሿ ልጇ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ ያለችበት ሩቅ ከተማ ደግሞ በቀን አንድ አውቶቡስ ብቻ ይሄዳል፣ አርባ ዘጠኝ ወንበር ያለው። ስለዚህ እናትየው ገና ጎህ ሳይቀድ በስልኳ ተሰልፋ ሠላሳ አንደኛ ወጣች። ፕሮግራመሯ ለሥራ ስትወጣ "ሠላሳ አንድ ነኝ" እያለች እስከ በር ሸኘቻት።

ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱን ለይተው ተሳፋሪ እንዳይደርስበት አደረጉና ኤክስቴንሽኑን ጫኑበት። የቀረው በእውነተኛ መዝገብ መሞከር ነው። ፕሮግራመሯ በቃሏ የምታውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። ሠላሳ አንድን ከፈተች።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ገጹ። "እስካሁን ተራ አልያዙም።"

እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። የሚጠባበቀው ሰው ሁሉ መዝገቡ የተጠቀለለው በአሮጌው መንገድ ነው። አዲሱ የሚያውቀው የራሱን አጠቃለል ብቻ ስለሆነ የእናቷን መዝገብ ማንበብ ሲያቅተው ባዶ ነው ብሎ ደመደመ፤ ባዶውንም በአዲሱ መንገድ አሳምሮ ጠቅልሎ በአሮጌው ላይ አስቀመጠው። ሰርቨሩ የተለየ ቢሆንም የመዝገቡ ማከማቻ ለሦስቱም አንድ ነው።

ዶክተር መላው ታየው። ሰልፉን በሙሉ ሰርዘው በንጹሕ ይክፈቱት፤ ሰውም እንደገና ይሰለፍ፤ የሚጮኸው ለአንድ ሰዓት ነው።

"ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ቆሟል" አለች። "እኔ ስለተሳሳትኩ እነሱን አላባርርም።"

ተቀመጠች። አዲሱ መንገድ የጠቀለለው ሁሉ በአራት የማይለወጡ ምልክቶች ይጀምራል፤ አሮጌው እነሱ የሉትም። እንግዲያው መጀመሪያ የመዝገቡን አፍ ማየት ነው። ምልክቶቹ ካሉ በአዲሱ ይፈታል፣ ከሌሉ በአሮጌው ይፈታና ሲመለስ በአዲሱ ይጠቀለላል። አሥራ አንድ መስመር ጻፈች። ይህን ጊዜ ከሰው መዝገብ እጇን ሰብስባ በቅጂ ሞከረችው። ፈታ፣ ጠቀለለ፣ እንደገና ፈታ። የተሰላፊው ተራ እንዳለ ነው። ለሦስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀር ሦስቱም ሰርቨሮች ላይ ተጭኖ አለቀ።

"እናትሽን መልሻታ" አለ ዶክተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የራሷ ተራ ነው። የማንንም አልወሰድሽም።"

እውነቱን ነው። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። ነገር ግን በሰልፉ ላይ በእጅ ሰው ማስገባት በድርጅቱ ክልክል ነው፤ አምና ዘመዶቹን ሲያስገባ የተያዘው ሠራተኛም "የራሳቸው ተራ ነው" ብሎ ነበር የተከራከረው። ማስረጃውን ደግሞ በገዛ እጇ አጥፍታዋለች። ስልኩን አንስታ ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ተራሽ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"የሰውን ሁሉ ነው ያጠፋሽው ወይስ የእኔን ብቻ?"

"ያንቺን ብቻ።"

"እሱስ ደግ ነው። አገር ሁሉ ከሚረግምሽ እኔ ብቆጣሽ ይሻላል።" እናትየው ትንሽ አሰብ አደረገች። "ታዲያ መልሽኛ።"

"አልችልም፣ እማዬ። አሁኑኑ እንደገና ተሰለፊ።"

እናትየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት፤ ቁጣዋም ያው ነበር። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባኛ ሆነች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ዶክተር በልማዱ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ፤ ፕሮግራመሯ ስክሪኑ ላይ የሰርቨሩን ጭነት የሚያሳየውን መስመር ታይ ጀመር። ሰልፉ በአንድ ጊዜ ገባ። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ቀይ የሚሆነው መስመር አረንጓዴ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ሄደ። መቶ ሰው አለፈ፣ አምስት መቶ ሆነ፣ ሺህ ሞላ። ዶክተር ቀና ብሎ "ተኝቷል እኮ" አለ፤ ስለ ሰርቨሩ ነው። ሁለቱም እንደ ሕፃን ይስቁ ጀመር። ባለፈው ጊዜ ሁለት ሺህኛው ሰው ተራው የደረሰው ማታ ነበር፤ ዛሬ በዘጠነኛው ደቂቃ ትኬቱን ይዞ ወጣ። ፕሮግራመሯ ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ አቃታት። በአንድ ዓይኗ ግን የሩቁን ከተማ አውቶቡስ ነበር የምታየው። ሠላሳ ወንበር ቀረ፣ አሥራ ሁለት ቀረ፣ ከዚያ አምስት። ፍጥነት ደግሞ ማንንም ከማንም አያስቀድምም፤ የእናቷን ተራ እንዳቀረበ ሁሉ ወንበሮቹንም እየጨረሰባት ነው። ሁለት ወንበር ሲቀር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባኛዋ ገባች።

ወዲያው መልእክት መጣ። "አርባ ስምንት ቁጥር ደረሰኝ። መጨረሻ ላይ ነው። ወገቤን ካመመኝ የማንን በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ።"

ፕሮግራመሯ መልእክቱን ለዶክተር እያሳየች ሳለ ሥራ አስኪያጇ በሩን ከፍተው ገቡ። እንዲህ ፊታቸው በርቶ አይታቸው አታውቅም። ቦርዱ ፎቅ ላይ ተሰብስቦ እየጠበቃቸው ነው። የውጭው ድርጅት ሰዎች፣ እነዚህ ልጆች አጠቃለሉን ከነኩት የሰው ተራ ይጠፋል ብለው ለቦርዱ ጽፈው ነበር፤ አሁን አፋቸውን የሚያስይዝ መልስ ተገኝቷል።

"በሉ፣ ከሁለት ሺህ ምናምን ሰው አንድም ተራው የጠፋበት የለም ብዬ ልንገራቸው?"

ዶክተር ጎንበስ ብሎ ምንም ያልሆነ ኬብል ማስተካከል ጀመረ። ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም። እናቷም ትኬቷን ይዛለች።

"አንድ ሰው ጠፍቶበታል" አለች ፕሮግራመሯ። "አንድ ብለው ይንገሯቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደጠፋም ፎቅ ላይ ወጥቼ ራሴ አስረዳለሁ።"